ጸጥ ባለ ሰፈር ቀን ቤት የሚውለው ማን ነው? ከሲልቨር ስፕሪንግ የተጻፈ ተሞክሮ

ከዋሽንግተን ዲሲ ወጣ ብሎ በሜሪላንድ ግዛት፣ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ውስጥ፣ በሲልቨር ስፕሪንግና በዊተን መካከል ባለ የመኖሪያ ሰፈር ከቤተሰቤ ጋር መኖር ከጀመርኩ ዓመታት ተቆጥረዋል። ከዚያ በፊት የምንኖረው በሲልቨር ስፕሪንግ መሀል፣ ከሜትሮ ባቡር ጣቢያው በእግር በሚደረስበት አፓርታማ ውስጥ ነበር። ልጅ ሲወለድ ቤቱ ጠበበንና እንደ ብዙ ወገኖቻችን ግቢ ያለው፣ ጥሩ ትምህርት ቤት የሚቀርበው፣ ጸጥ ያለ ቦታ ፍለጋ ወደ ዳር ወጣን። ይህን የምጽፈው ተመሳሳይ ውሳኔ ለሚጠብቃቸው ቤተሰቦች ነው። ስለ ወለድ፣ ስለ ቅድመ ክፍያና ስለ ቤት ዋጋ የሚያማክር ሰው አይጠፋም፤ ጧት ሁሉም ወደየሥራው ከወጣ በኋላ ያለው ኑሮ ምን እንደሚመስል ግን የሚነግር ብዙም የለም። በተለይ ቀን ቤት ለሚውለው ሰው፣ ማለትም ለአራስ እናት፣ ሌሊት ሠርቶ ቀን ለሚተኛ፣ ከሁሉም በላይ ልጅ ለመያዝ ከአገር ቤት ለምትመጣ እናት፣ ሰፈሩ ምን ዓይነት ሰፈር እንደሚሆንላቸው አስቀድሞ ማሰብ ይገባል ብዬ አምናለሁ።

ሰፈራችን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ ከጦር ሜዳ የተመለሱ ወታደሮችና የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ሲፈልጉ ከተሠሩት አንዱ ነው። ቤቶቹ በአብዛኛው ከቀይ ጡብ የተሠሩ፣ ከፊታቸው ሣር፣ ከኋላቸው ጓሮ ያላቸው ናቸው፤ ዛፎቹ ትልልቅ ስለሆኑ በሙቀቱ ወራት መንገዱ ጥላ በጥላ ይሆናል። ከፊት ለፊት አጥር የለም። የግንብ አጥርና የብረት በር ለምዶ ላደገ ሰው ይህ ግልጥልጥ ያለ መልክ ጎረቤት እንደ ልብ የሚገናኝበት ሰፈር ያስመስለዋል፤ ኑሮው ግን እንደዚያ አይደለም። ጧት በሮች ይከፈታሉ፣ መኪኖች ይወጣሉ፣ ቢጫው የትምህርት ቤት አውቶቡስ ከመንገዱ ራስ ላይ ልጆቹን ያነሳል፤ ከዚያ በኋላ በዚህ አገር አቆጣጠር ከጧቱ 9 ሰዓት እስከ ከሰዓት በኋላ 3 ሰዓት ድረስ ፖስተኛውና ዕቃ አመላላሽ መኪና ካላለፈ በስተቀር መንገዱ ላይ ሰው አይታይም።

እናቴ የመጣችው ሁለተኛ ልጄ ሲወለድ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ የኖረችው አዲስ አበባ፣ ጉለሌ ነው፤ በሯን ስትከፍት ሰላም የሚላት የማይጠፋበት፣ ሽንኩርት ቢያልቅ ከጎረቤት የሚመጣበት ሰፈር ነው። እዚህ በመጣች ሰሞን ሕፃኑን ታቅፋ በሳሎኑ መስኮት መንገዱን ስታይ ትውል ነበር። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ፣ «እዚህ ሰፈር ሰው ይኖራል እንዴ? ቤቱ ሁሉ ያምራል፤ ሰው ግን አላየሁም» አለችኝ። «ሁሉም ሥራ ነው፣ እማዬ» አልኳት። «ይሁን፤ አሮጊት የለም? አራስ የለም? የታመመ የለም?» ስትለኝ መልስ አጣሁ። ኋላ እንደተረዳሁት አሮጊትም አራስም የታመመም በየቤቱ ነበረ፤ እያንዳንዱ ግን እንደ እርሷ በየመስኮቱ ውስጥ ነው።

ብዙ ሰው የማያስበው አንድ ነገር የሰዓቱ ጉዳይ ነው። በእኛና በአዲስ አበባ መካከል በሙቀቱ ወራት የሰባት፣ በብርዱ ወራት የስምንት ሰዓት ልዩነት አለ። እናቴ ጧት ላይ ከእህቶቿና ከጎረቤቶቿ ጋር በስልክ ታወራለች፤ የሞተውን፣ የታመመውን፣ ያገባውን ትሰማለች። እዚህ ከሰዓት በኋላ ሲሆን ግን እዚያ መሽቶ ሁሉም ተኝቷል። ስልኩ ዝም፣ ሰፈሩ ዝም የሚሉት በዚያው ሰዓት ነው። ስለዚህ ለእናቶቻችን የሚከብደው የቀኑ ክፍል ከምሳ በኋላ ልጆቹ ከትምህርት ቤት እስኪመለሱ ያለው ነው፤ ከሥራ ቦታ ሆኖ መደወል ካልቀረ በዚያ ሰዓት መደወል ይጠቅማል፤ የምትወጣበትና ሰው የምታገኝበት ፕሮግራም ሲፈለግም ቅድሚያ መስጠት ያለብን ለዚያው ሰዓት ነው።

ወደ ሰፈሩ ባሕርይ ስመለስ፣ ጸጥታው በብዙ ደንብና ልማድ የተጠበቀ መሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል። ሲልቨር ስፕሪንግ ራሱን የቻለ ማዘጋጃ ቤትም ከንቲባም የለውም፤ የሚተዳደረው በካውንቲው ነው፣ ለማንኛውም ጉዳይ የሚደወለውም ወደ ካውንቲው 311 ነው፤ አማርኛ አስተርጓሚ መጠየቅም ይቻላል። በካውንቲው የድምፅ ደንብ መሠረት ሌሊት ተብሎ የሚቆጠረው፣ አሁንም በዚህ አገር አቆጣጠር፣ ከምሽቱ 9 ሰዓት እስከ ጧቱ 7 ሰዓት ነው፤ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ እስከ ጧቱ 9 ሰዓት ይራዘማል። ስለዚህ ቅዳሜ ማልዶ የሣር ማጨጃ የሚያስነሳ ሰው ሰፈሩን ያስቀይማል። ሣሩ ከ12 ኢንች፣ ማለትም ከ30 ሳንቲ ሜትር ገደማ በላይ ካደገ የደንብ ጥሰት ነው። በረዶ ጥሎ ካቆመ በኋላ በ24 ሰዓት ውስጥ ከቤታችሁ ፊት ያለውን የእግረኛ መንገድ መጥረግ የባለ ቤቱ ግዴታ ነው። ጠርሙስና ቆርቆሮ በሰማያዊው ሣጥን፣ ወረቀትና ካርቶን ለብቻው፣ የግቢ ቅጠልና ሣር በወረቀት ከረጢት ይወጣል። በአዳዲስ ሰፈሮች የሚገኘው፣ በተለምዶ ኤች ኦ ኤ የምንለው የነዋሪዎች ማኅበር ደግሞ ከዚህ አልፎ የአጥር ቁመት፣ የበር ቀለምና እንግዳ የሚያቆመው መኪና ላይ ሳይቀር ሊወስን ይችላል፤ መዋጮም አለው። የእኛ ሰፈር አሮጌ ስለሆነ ይህ ማኅበር የለውም፤ እንግዳ የሚበዛበት ቤት ያለው ሐበሻ ቤቱን ከመግዛቱ በፊት የማኅበሩን ደንብ፣ በተለይ የመኪና ማቆሚያውን ክፍል፣ ቃል በቃል ያንብብ።

እነዚህን ደንቦች መጀመሪያ እንደ ቁጥጥር ብቻ ነበር የማያቸው። ከጊዜ በኋላ ግን ሰዎች እርስ በርስ የሚተያዩት በእነዚሁ ሥራዎች አጋጣሚ እንደሆነ ተገነዘብኩ። እዚህ ሰፈር ሰው ሰውን ለማየት ብሎ ብቻ አይወጣም፤ ሲወጣ ቅጠል ሊጠርግ፣ በረዶ ሊዝቅ፣ ቆሻሻ ሊያወጣ ነው። እንግዲህ ጎረቤት ማግኘት የሚፈልግ ሰው እነዚያን ሰዓቶች ይጠቀምባቸዋል። እናቴ ይህን ከእኔ ቀድማ ያወቀችው ማንም ሳይነግራት ነው።

በኅዳር አካባቢ ኦክ የሚባሉት ትልልቅ ዛፎች ቅጠል በአንድ ሰሞን ይረግፋል። በእኛ አካባቢ ነዋሪው ቅጠሉን ጠርጎ በመንገዱ ጠርዝ ይከምረዋል፣ የካውንቲው መኪና በወቅቱ ሁለት ጊዜ እየዞረ በትልቅ ቱቦ ይስበዋል፤ የሚመጣበትን ጊዜ የሚገልጽ ምልክትም አስቀድሞ በየመንገዱ ይተከላል። ባለቤቴ ቅዳሜ እጠርገዋለሁ እያለ ሳለ እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ፣ የባለቤቴን ጃኬት ደርባ፣ መጥረጊያውን ይዛ ወጣች። የእኛን ከጨረሰች በኋላ መንገዱን ተሻግራ ፊት ለፊታችን ያሉትን አዛውንት ሴት ቅጠል ጀመረች። ሴትየዋ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ በምርኩዝ የሚሄዱ ናቸው። በመስኮት ሲያዩዋት ደንግጠው ወጡ፤ የከፈልኳት ሠራተኛ መስላቸው ገንዘብ ሊሰጡ ቦርሳቸውን ይዘው ነበር። እናቴ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ በአማርኛ «ኧረ ምን በወጣዎት! ጎረቤት አይደለንም እንዴ?» አለቻቸው። ቃሉን ባይሰሙትም ነገሩ ገብቷቸዋል፤ በማግስቱ የፖም ኬክ ጋግረው በራችንን አንኳኩ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ የጋራ ቋንቋ ሳይኖራቸው በሳምንት አንዳንድ ከሰዓት በኋላ አብረው ይቀመጣሉ፤ አንዷ ሹራብ ትሠራለች፣ ሌላዋ ጥጥ ትፈትላለች፣ ቡናም አይቀርም።

እኚህ ሴትና ከእኛ ሦስት ቤት አልፈው የሚኖሩት ጥቁር አሜሪካዊ ባልና ሚስት የሰፈሩን ታሪክ ነግረውናል፤ እኛ መጤዎች ልናውቀው የሚገባ ስለሆነ አልዘለውም። በሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ሰፈሮቹ በተሠሩበት ዘመን በተሸነሸነው መሬት ላይ በብዙ ቦታ የሽያጭ ውሉ ራሱ ቤቱ ለጥቁር ሰው እንዳይሸጥና እንዳይከራይ ይከለክል ነበር። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1948 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) እንዲህ ያለውን ውል ፍርድ ቤቶች ሊያስፈጽሙት እንደማይችሉ ወሰነ፤ በቤት ሽያጭና ኪራይ በዘር መለየትን የሚከለክለው የፌዴራል ሕግ የወጣው ግን በ1968 ነው። ያ ሕግ ከመውጣቱ በፊት የነበረውን ዘመን የሚያስታውሱ ሰዎች ዛሬም በሕይወት አሉ። ዛሬ ከኢትዮጵያ፣ ከኤል ሳልቫዶር፣ ከቬትናም የመጡ ቤተሰቦች በአንድ መንገድ ላይ ቤት ገዝተው የሚኖሩት ሌሎች በከፈሉት ዋጋ ነው። ጥቁር አሜሪካውያን ጎረቤቶቻችንን ቀድሞ ሰላም ማለት ከእኛ ይጠበቃል ብዬ የማስበውም በዚህ ምክንያት ነው።

የእኛ አኗኗር ከዚህ ጸጥታ ጋር የሚጋጭበት ቦታ አለ፤ በጣም የተለመዱት ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው ቡና ነው። እነዚህ አሮጌ ቤቶች ጣሪያቸው ዝቅ ያለ ስለሆነ ቡና ሲቆላ የጭስ ጠቋሚው ወዲያው ይጮኻል። ባትሪውን ነቅሎ ማስቀመጥ ብዙ ቤት ያየሁት መፍትሔ ነው፤ ልጅ ተኝቶ በሚያድርበት ቤት ይህ ፈጽሞ መደረግ የለበትም። እኛ የምንቆላው ከማድቤቱ ወደ ጓሮ በሚያስወጣው በረንዳ ላይ፣ በትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃ ነው፤ በብርዱ ወራት ደግሞ የማድቤቱን ማራገቢያ ከፍተን መስኮቱን ገርበብ እናደርጋለን። ዕጣኑም ከጠቋሚው ርቆ ይጨሳል።

ሁለተኛው ለቅሶ ነው። አጎቴ አዲስ አበባ ሲያርፍ መርዶው የተነገረኝ ገና ሳይነጋ ነው፤ ከዚያ ጀምሮ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች፣ የእድር አባላት፣ የሥራ ባልደረቦች እየተከታተሉ መጡ። በጸጥተኛ መንገድ ላይ በአንድ ምሽት ሠላሳና አርባ መኪና ሲደረደር፣ ጥቁር የለበሰ ሰው ሲገባና ሲወጣ፣ ከውስጥ የለቅሶ ድምፅ ሲሰማ ጎረቤት ምን እንደሆነ ባያውቅ መጨነቁ አይቀርም። ባለቤቴ ከሰዎቹ መምጣት በፊት በቀኝ፣ በግራና ፊት ለፊት ላሉት ጎረቤቶች አጭር ማስታወሻ ጽፎ በየበሩ አስቀመጠ፤ ዘመድ እንደሞተብን፣ በባህላችን ሰው ለጥቂት ቀናት እየመጣ እንደሚያጽናና፣ መንገዳቸውን የዘጋ መኪና ቢኖር ወዲያው እንዲደውሉለት ስልኩን ጭምር ጻፈ። በግራ በኩል ያለው ጎረቤታችን መኪናዎቹን ከግቢው አውጥቶ ሌላ ቦታ አቆመና፣ «ሽማግሌዎች ከሩቅ እንዳይሄዱ እዚህ ይቁሙ» ብሎ ቦታውን ለቀቀልን። ማታ ላይም እሱና ሚስቱ ገብተው ከለቀስተኛው ጋር ዝም ብለው ተቀመጡ። ለክርስትና፣ ለልደትና ለሠርግ መልስም ይህንኑ ማስታወሻ እንጽፋለን። ሦስት መስመር ወረቀት ብዙ ቅሬታ ያስቀራል፤ እኛ ቤት ፖሊስ የጠራ ሰው እስካሁን የለም።

ሰፈሩ ራሱ የሚወጣበት አጋጣሚም አለ። በኦክቶበር 31 ምሽት፣ ሃሎዊን በሚሉት ቀን፣ ልጆች ቤት ለቤት እየዞሩ ከረሜላ ይለምናሉ። በእምነቱ ምክንያት የማይፈልግ የበረንዳውን መብራት ያጠፋል፤ ማንም አይቀየመውም። የሚፈልግ መብራቱን አብርቶ በሩ ላይ ይቀመጣል። እኛ በዓሉን ባናከብርም መብራቱን አብርተን እንቀመጣለን፤ ምክንያቱም በዓመት ውስጥ የመንገዱን ሰው ሁሉ በአንድ ምሽት የምናየው ያን ቀን ነው። በ2021 ደግሞ በየአሥራ ሰባት ዓመቱ ከመሬት የሚወጣው ሲካዳ የተባለ ነፍሳት በግንቦትና በሰኔ አካባቢውን ሁሉ ሞላው፤ ከዛፉ የሚወርደው ጩኸት ሰው ለሰው እንዳይሰማማ ያደርግ ነበር፣ መራመጃውም በቅርፊታቸው ተሸፍኖ ነበር። ተመልሰው የሚወጡት በ2038 ነው። የዚያን ሰሞን ሰው ሁሉ ውጭ ቆሞ ሲያይ ስማቸውን የማናውቃቸውን ጎረቤቶች አወቅን።

ስለ ጓሮው አንድ ነገር ልጨምር። ጎመን፣ ቃሪያና ጤና አዳም መትከል የእናቴ ትልቅ ደስታ ነው፤ አፈሩ ግን ከባድ ሸክላማ ስለሆነ ኮምፖስት መቀላቀል ይፈልጋል፣ አጋዘኑም በመሸ ጊዜ መጥቶ ጎመኑን እስከ ግንዱ ይበላዋል። በሽቦ መረብ ካልታጠረ ምንም አይተርፍም። ጤና አዳሙን ግን አይነካውም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ መኪና የማትነዳ እናት ከቤት እንዴት ትወጣለች ወደሚለው ልመለስ። ቤት ስንፈልግ ከጠየቅናቸው ነገሮች ሁሉ እስከ ዛሬ የሚጠቅመን ይህ ነው። በምሥራቁ በኩል የሚሄደው ቀይ መስመር ሜትሮ ከሲልቨር ስፕሪንግ ቀጥሎ በፎረስት ግሌንና በዊተን አልፎ ግሌንሞንት ላይ ያልቃል። ጣቢያ ሁሉ ግን ለአዛውንት እኩል አይደለም፦ ፎረስት ግሌን ከመሬት በታች 60 ሜትር ገደማ ስለሆነ የሚወረደው በአሳንሰር ነው፤ ዊተን ያለው ተንቀሳቃሽ ደረጃ ደግሞ 70 ሜትር ያህል ስለሚረዝም እናቴ ገና ስታየው ራሷን አዞራት፤ እዚያም አሳንሰር እንዳለ እስክናሳያት ድረስ ባቡር አልፈለገችም። ከሜትሮው ይልቅ የጠቀማት የካውንቲው አውቶቡስ፣ ራይድ ኦን ነው። ከ2025 ጀምሮ ክፍያ ስለሌለው ካርድና ሳንቲም የሚባል ጭንቀት የለም፤ ቁጥሩን ብቻ ታውቃለች። በእርሱ ዊተን ወርዳ እንጀራና በርበሬ ከሚሸጠው የሐበሻ ሱቅ ትገባለች፣ ሰው ታገኛለች፣ ትመለሳለች።

ካውንቲው የአዛውንቶች ማዕከላት አሉት፤ በእኛ አቅራቢያ በፎረስት ግሌን መንገድ ላይ ያለውና በዊተን ያለው ሆሊደይ ፓርክ ይጠቀሳሉ። ቀላል ስፖርት፣ የእጅ ሥራና ምሳ አላቸው፤ ከቤተ መጻሕፍቶቹም የእንግሊዝኛ መለማመጃ ውይይት የሚያዘጋጁ አሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሄድ አብሮ መሄድ፣ ሌላ አማርኛ ተናጋሪ አዛውንት ፈልጎ ማስተዋወቅ ያስፈልጋል፤ ብቻዋን ተልካ የቀጠለች እናት አላየሁም። ቅዳሜና እሑድ ደግሞ በስላይጎ ክሪክ ወንዝ ዳር ያለው መንገድ በከፊል ለመኪና ተዘግቶ ለእግረኛ ይለቀቃል። እዚያ የሚያልፍ ሁሉ ሰላም ይላል፤ እናቴም ለሁሉም በአማርኛ «እግዚአብሔር ይመስገን» ትላለች።

እንግዲህ ቤት ለማየት ስትሄዱ ቅዳሜና እሑድ ለገዢ ክፍት በሚሆንበት ሰዓት ብቻ አትሂዱ። አንድ የሥራ ቀን፣ ረፋድ ላይ ሂዱና መንገዱ ዳር ጥቂት ቁሙ። የእግረኛ መንገድ መኖሩን እዩ፤ ብዙዎቹ የዚህ አካባቢ መንገዶች የላቸውም፣ በበረዶ ጊዜ አዛውንት የሚራመደው ከመኪና ጋር ነው ማለት ነው። እናታችሁ ካለች ይዛችኋት ሂዱና ከቤቱ እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው በእርሷ እርምጃ ተራመዱ፤ ዳገት ካለው፣ የሚቀመጡበት ወንበር ከሌለው፣ ትልቅ መንገድ መሻገር ካለበት በካርታ ላይ ቅርብ የሚመስለው ለእርሷ ሩቅ ነው። በሁለት ቤት መካከል ስታመነቱ፣ ማድቤቱ ካማረው ይልቅ ማቆሚያው የሚቀርበውን ምረጡ እላለሁ።

ከገባችሁ በኋላ ደግሞ የቤቱን አድራሻና ስልካችሁን በእንግሊዝኛም በአማርኛ ፊደልም በትልቁ ጽፋችሁ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፉ፤ አንዱን ቅጂ በቦርሳዋ ውስጥ አድርጉላት። ወደ ድንገተኛ አደጋ ቁጥሩ 911 ደውላ «አምሐሪክ» (አማርኛ) ብላ አስተርጓሚ መጠየቅን፣ የቤቱን ቁጥርና የመንገዱን ስም መጥራትን ከልጆቹ ጋር ተለማመዱ። የፊት ለፊት ጎረቤታችን ስልክም በዚያው ወረቀት ላይ ከእኛ ስልክ በታች ተጽፏል፤ እሳቸውም የእኛን ጽፈው ስልካቸው አጠገብ አስቀምጠዋል።